የቼክ ኢንጅን መብራትና የሚያመልጠው የቤንዚን ትነት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ በአንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል፤ የሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የቤንዚን ትነትን ይዞ በሚያስቀረው የመኪና ክፍል ላይ ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ የጊዜ ገደብ ስላለባቸው ለእርሳቸው ሰፊ ቦታ ሰጥተናል፤ ስለ አሠራሩ የተባለውም እዚያው ስለሚገኝ ሌሎቹ መልሶች አጠር ብለዋል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ከወንድሜ ጋር እየተፈራረቅን የምንሠራበት የ2013 ሞዴል መኪና አለን። እርሱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀኑን ይነዳል፤ እኔ ተረክቤ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እሠራለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። መለዋወጫ መደብር ወስጄ በነጻ ሲያነቡልኝ ፒ 0455 የሚል ኮድ ወጣና «ትልቅ የትነት መፍሰስ አለ» አሉኝ። የነዳጅ ክዳኑን በአዲስ ቀየርኩ፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። አንድ ጋራዥ ኮዱን ብቻ አንብቦ «ካኒስተሩ ነው» አለኝና ከነእጅ ዋጋው ስምንት መቶ ዶላር ጠየቀኝ። መኪናው ጉልበቱም የነዳጅ ፍጆታውም እንደ ወትሮው ነው። የኢሚሽን (የመኪና ብክለት) ምርመራ የማደርግበት ጊዜ ከአንድ ወር በኋላ ያበቃል። ገንዘቡን ላውጣ፣ ወይስ ኮዱን አስጠፍቼ በማግስቱ ለምርመራ ልግባ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ስምንት መቶ ዶላሩን ገና አያውጡ፤ ኮዱን አስጠፍተውም በማግስቱ ለምርመራ አይግቡ። የሁለቱም ምክንያት መብራቱ ምን አይቶ እንደበራ ካልታወቀ ግልጽ ስለማይሆን ከዚያ እንጀምር።

ቤንዚን ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ እንኳ ያለማቋረጥ ይተናል፤ ፀሐይ ታንከሩን (የጋራዥ ሰዎች ሰልባትዮ የሚሉትን) ባሞቀችው ቁጥርም ትነቱ ይጨምራል። በድሮ መኪናዎች ይህ ትነት በክዳኑና በካርቡራቶሩ በኩል ወደ አየር ይወጣ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ላይ ስለሚያንዣብበው ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ያጠኑት የካልቴክ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት፣ ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነት ከጭስ ማውጫ ከሚወጣው የናይትሮጂን ኦክሳይድ ጋር በፀሐይ ብርሃን ተዋህዶ ኦዞን እንደሚፈጥር አሳዩ። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል፣ የተቀረው አሜሪካም ከ1971 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎች ትነታቸውን ይዘው እንዲያስቀሩ ያስገደዱት ይህን ጭጋግ ለመቀነስ ነው።

ትነቱ የሚያዝበት መንገድ የተወሳሰበ አይደለም። ከታንከሩ የሚወጣው ትነት በቱቦ ተመርቶ ከሰል ወደሞላበት ሣጥን ይገባል፤ ካኒስተር የሚባለው ይህ ሣጥን ነው። ከሰሉ ቡና የምናፈላበት ዓይነት ሳይሆን፣ ለዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች እንዲኖሩት ተደርጎ የተዘጋጀና ትነትን ይዞ የሚያቆይ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ በካኒስተሩና በሞተሩ መካከል ያለው የመሳቢያ ቫልቭ (ፐርጅ ቫልቭ) ይከፈትና ሞተሩ ትነቱን ከከሰሉ ላይ ስቦ ያቃጥለዋል፤ በዚያው ጊዜ በሌላኛው ጫፍ ባለው የመተንፈሻ ቫልቭ (ቬንት ቫልቭ) በኩል ንጹሕ አየር ወደ ከሰሉ ይገባል።

እነዚህን ሁለት ቫልቮች ያስታውሷቸው። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ሲዘጋቸው ከታንከሩ ክዳን እስከ ሞተሩ ያለው መሥመር በሙሉ እንደ ታሸገ ጠርሙስ መሆን አለበት፤ ፈተናውም ይህንኑ ማረጋገጥ ነው። አንዳንድ መኪናዎች በሞተሩ ስበት መሥመሩን ከሳቡ በኋላ ሁለቱንም ቫልቮች ዘግተው የግፊት መለኪያው ባለበት መቆየቱን ይከታተላሉ። ሌሎች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የቶዮታ ሥሪቶች፣ ካኒስተሩ ላይ ትንሽ ፓምፕ አላቸው፤ ሞተሩ ከጠፋ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ይህ ፓምፕ በራሱ ተነሥቶ መሥመሩን ይፈትናል። (በእኩለ ሌሊት ከቆመ መኪና ሥር ለደቂቃዎች የሚሰማውን እምምታ ሰምተው ሌባ ነው ወይም ባትሪ እየጨረሰ ነው ብለው የጻፉልን አሉ፤ ሁለቱም አይደለም።) ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ መኪናዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳን፣ ከ2000 ሞዴል ወዲህም ደረጃ በደረጃ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆነውን መለየት ግዴታቸው ሆኗል። ፒ 0456 የዚህ የመጨረሻው፣ ፒ 0442 የትንሹ፣ የእርስዎ ፒ 0455 ደግሞ የትልቁ ቀዳዳ መጠሪያ ነው።

እንግዲህ ኮዱ የወደቀ ፈተና መጠሪያ እንጂ የተበላሸ ዕቃ ስም አይደለም። ኮምፒውተሩ መሥመሩን ዘግቶ እንዳልታሸገ ያውቃል፤ ያላሸገው ክዳን ይሁን፣ ቱቦ ይሁን፣ ሳይዘጋ የቀረ ቫልቭ ይሁን ወይም ካኒስተር ሊለይ አይችልም። ኮዱን ብቻ አንብቦ ካኒስተሩ ነው ያለዎት ጋራዥ ገምቶ ነው። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለግምት ግን ስምንት መቶ ዶላር አይከፈልም።

አሁን ወደ እርስዎ መኪና እንመለስ። ክዳኑ ተቀይሮ መብራቱ ያልጠፋው ጥፋቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ዓይናችን ያረፈው በሥራ ሰዓታችሁ ላይ ነው። መብራቱ ጉድለቱ በተስተካከለ ቅጽበት አይጠፋም፤ በራሱ የሚጠፋው ፈተናው በሦስት ተከታታይ ዙሮች ተካሂዶ ሦስቱንም ሲያልፍ ነው። ፈተናው ደግሞ የሚካሄደው የራሱ ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ ነው። ሞተሩ ለሰዓታት ቆሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ቢያድር ይመረጣል። ታንከሩ ከ15 በመቶ በታች የጎደለ ወይም ከ85 በመቶ በላይ የሞላ መሆን የለበትም። የውጭው አየርም ለብዙ መኪናዎች ከ4 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል መሆን ይኖርበታል። የእናንተ መኪና ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚያርፈው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ተረካቢው ሰው እንዳይቸገር ታንከሩ ተሞልቶ የሚቆም ከሆነ ፈተናው የሚካሄድበት አጋጣሚ አይኖርም። መጀመሪያ የበራውም ምናልባት ሁለታችሁም ባረፋችሁበት ሰሞን ነው። ስለዚህ አዲሱ ክዳን ሥራውን ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይህን ለማየት ዕድል አላገኘም።

በመጀመሪያ አዲሱን ክዳን ፈትተው ጎሚኒውን ይመልከቱ፤ የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ ወይም አሸዋ የያዘ መሆን የለበትም። ክዳኑን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው የፕላስቲክ ማሰሪያ ከጎሚኒው ሥር ገብቶ እንዳይቆነጠጥ ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው ቸኩሎ ነዳጅ ቀድቶ ሲሄድ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሲያጠብቁም ቀጭ ቀጭ እስኪል ያዙሩት። ቀጥሎ ክዳኑ የሚያርፍበትን የመሙያውን አንገት አፍ በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚነሰነስበት እንደ እርስዎ ባለ አካባቢ የብረት አንገት ይዝጋል፤ በዛገና በተፈረፈረ አፍ ላይ ደግሞ የትኛውም አዲስ ክዳን አይታሸግም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኮዱን አንድ ጊዜ ያስጠፉ። ይህን ዛሬ ያድርጉት እንጂ ለምርመራው ዋዜማ አያቆዩት። ከዚያ ታንከሩን ግማሽ ገደማ አድርገው፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት መኪናው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንዲያርፍ ከወንድምዎ ጋር ይስማሙ፤ ጠዋት ሲያስነሡትም ግማሽ ሰዓት ያህል የከተማና የአውራ ጎዳና መንገድ ቀላቅለው፣ ጋዙን በድንገት ሳይረግጡና ሳይለቁ በተረጋጋ ፍጥነት ይንዱት። የሦስት ምሽት ገቢ መቅረቱ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ችግሩን ላይፈታ ለሚችል ካኒስተር ከሚከፈለው ያነሰ ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ የማንበቢያ መሣሪያውን እንደገና ይሰኩት። መብራቱ ገና ሳይበራ «በመጠባበቅ ላይ» የሚባል ኮድ ከተገኘ ፈተናው አንድ ጊዜ ወድቋል፤ መብራቱን የሚያበራው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ውድቀት ነው። ኮድ ሳይኖር የትነት ፈተናው ተጠናቋል የሚል ከሆነ ጥፋቱ የአሮጌው ክዳን ነበር፤ ጉዳዩ በዚሁ ያበቃል። ኮድም ከሌለ፣ ፈተናውም ካልተጠናቀቀ ግን መኪናው ገና ስላልተፈተነ ተጨማሪ ሌሊት ያሳርፉት።

ስለ ምርመራው፣ በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የኢሚሽን ምርመራ እንደ እርስዎ ባሉ መኪናዎች ላይ የሚያነበው የመኪናውን ኮምፒውተር ነው። መብራቱ በርቶ የሄደ መኪና ይወድቃል። ኮድ ሲጠፋ ደግሞ የትነቱ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም ፈተናዎች ውጤት አብሮ ይሰረዛል፤ በማግስቱ የሄደ ሰው «ዝግጁ አይደለም» ተብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ለ2001 እና ከዚያ ወዲህ ላሉ ሞዴሎች አንድ ፈተና ብቻ ሳይጠናቀቅ ቢቀር ምርመራው ይቀበላል፤ ስለዚህ ሌሎቹ ተጠናቀው የትነቱ ብቻ ቢዘገይብዎት፣ መብራቱም ካልበራ፣ ማለፍ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ ያሉ አንባቢዎቻችን ግን ከ2019 ወዲህ ምርመራው «ቋሚ ኮድ» የሚባለውንም እንደሚመለከት ይወቁ፤ ይህ ኮድ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፣ በማንበቢያ መሣሪያም ሆነ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ የሚጠፋው መኪናው ራሱ ፈተናውን ሲያልፍ ብቻ ነው።

ኮዱ ከተመለሰ ቀጣዩ ደረጃ የጭስ ፍተሻ ነው። መካኒኩ የማዕድን ዘይት አሙቆ ጭስ በሚያመነጭ መሣሪያ መሥመሩን ይሞላዋል፤ ጭሱ በወጣበት ቦታ ጥፋቱ ይታያል። ግፊቱ እጅግ ዝቅተኛ፣ ከአንድ የመኪና ጎማ ግፊት ስልሳ እጅ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ታንከር ልንፋልህ ለሚል ሰው መኪናዎን አይስጡ፤ ታንከሩን ሊያበላሸው ይችላል፤ ቤንዚን ባለበት አየር ማጨቅም ለእሳት በር መክፈት ነው። ጭሱ ከካኒስተሩ ስንጥቅ ሲወጣ በዓይንዎ ካዩ፣ ያን ጊዜ ስምንት መቶ ዶላሩን ያለ ቅሬታ ይክፈሉ።

እስከዚያው መንዳት ይቻላል ወይ ለሚለው፣ መብራቱ ሳይርገበገብ የበራና የቤንዚን ሽታ የሌለው ከሆነ ይቻላል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሌላ፣ የማቃጠል ጉድለት ምልክት ስለሆነ ያን ጊዜ ቆም ማለት ያሻል። ጠንካራ የቤንዚን ሽታ ወይም ከመኪናው ሥር እርጥበት ካለ ደግሞ መኪናውን ቤት ውስጥ ባለ ጋራዥ አያሳድሩት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የ2009 ሞዴል መኪና አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለወራት ስነዳው ምንም መብራት አይበራም። ለሥራ ሐዋሳ ወርጄ ሦስት አራት ቀን ስቆይ ግን ቼክ ኢንጅን ይበራል፤ ኮዱ ሁልጊዜ ፒ 0456 ነው። ተመልሼ መካኒኬ ጋ ያጠፋልኛል፤ እስከሚቀጥለው ጉዞ ድረስ ሰላም ነው። መካኒኬ የሐዋሳ ቤንዚን መጥፎ ስለሆነ ነው ይለኛል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ደብዳቤዎ ከደስታ ጋር የተነበበ ነው፤ ሳያውቁት ጥሩ ሙከራ አካሂደውልናል። የሐዋሳ ቤንዚን ከዚህ ጉዳይ ነጻ ነው።

ከላይ ስለ ፈተናው ሁኔታዎች ስንጽፍ አንድ ያላነሣነው አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። የአሜሪካ ደንብ አምራቾች ከ8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ የትነት ፈተናውን እንዲያቆሙ ይፈቅዳል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቤንዚን ይበልጥ ይተናል፤ ትነቱም በታንከሩ ውስጥ የሚለካውን ግፊት ስለሚያዛባ ኮምፒውተሩ ያልተሰነጠቀውን ተሰንጥቋል ሊል ይችላል። አዲስ አበባ በዚህ ወሰን ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የቦሌ አካባቢ ወደ 2,300 ሜትር፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ያለው የእርስዎ ሰፈር ከ2,400 ሜትር ያልፋል። መኪናዎ ሌሊት የሚያድረው ፈተናው በማይካሄድበት ከፍታ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ለወራት አልፈተነውም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ሁለት ሌሊት ሲያድር ፈተናው ሁለት ጊዜ ተካሂዶ ሁለቱንም ይወድቃል፤ መብራቱም ይበራል።

ከዚህ የሚከተለው፣ ቀዳዳው አዲስ አበባም ላይ አለ፤ የሌለው የሚመለከተው ዓይን ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ለሞተሩ ጉዳት ስለማያመጣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ መብራቱ ስለ ትነት በርቶ እያለ ከበድ ያለ ጉድለት ቢመጣ የሚያስጠነቅቅ ሁለተኛ መብራት የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለው መኪና ብዙ ዓመት ማገልገል ስላለበት እንዲህ ያለውን ነገር አስተካክሎ መያዝ የሚያዋጣ ይመስለናል።

በእርስዎ ዕድሜ ባለ መኪና የመጀመሪያ ተጠርጣሪዎቻችን የክዳኑ ጎሚኒና ከካኒስተሩ የሚወጡት አጫጭር የጎማ ቱቦዎች ናቸው፤ ቱቦው ጫፉ ላይ፣ ማጥበቂያው ከሚይዝበት ሥር ሲሰነጠቅ ካልተጣመመ በቀር አይታይም። ከሶማሌ ተራ ቱቦ ሲገዙ ለነዳጅ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የውኃ ቱቦ በቤንዚን ትነት ብዙም ሳይቆይ ይበላል። ከተስተካከለ በኋላ መሳካቱን አዲስ አበባ ላይ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የሚቀጥለው የሐዋሳ ጉዞዎ ይነግርዎታል፤ ታንከሩን ግማሽ አድርገው ያሳድሩት።

ጥያቄ፦ ቼክ ኢንጅን በርቶብኝ ጋራዥ ስወስድ መካኒኩ «ይህ ለፈረንጅ አየር ተብሎ የተሠራ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ብሎ ካኒስተሩን አወለቀውና ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ በብሎን ደፈነው። መብራቱን በመሣሪያ አጠፋው፤ በሳምንቱ ተመልሶ በራ። አሁን ደግሞ ረጅም መንገድ ስሄድ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ክዳኑን ስከፍት በኃይል አየር ይስባል፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሆናል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ታንከርዎ መተንፈሻ አጥቷል። ቤንዚን በተቃጠለ ቁጥር የሚተካው አየር ካልገባ ታንከሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ የነዳጅ ፓምፑም ከዚያ ባዶነት ጋር እየታገለ ነዳጁን መግፋት ያቅተዋል። ክዳኑን ሲከፍቱ የሚሰሙት ድምፅ አየሩ ሲገባ ነው። የዚህ ጉዳት ፓምፑን ማቃጠል ብቻ አይደለም፤ ታንከሩ ራሱ ወደ ውስጥ ሊጨመደድ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር በፋብሪካ መኪና ላይም ደርሷል። በ2011 ማዝዳ በአሜሪካ ከ50 ሺህ በላይ ማዝዳ 6 መኪናዎችን የጠራው፣ የቤንዚን ሽታ የሚስበው አንድ ዓይነት ቢጫ ሸረሪት በካኒስተሩ መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ድሩን እያደራ ስለዘጋው ነበር። የእርስዎን ቱቦ የዘጋው ብሎን ከመሆኑ በቀር ነገሩ አንድ ነው።

ብሎኑን ዛሬውኑ ያስወጡ። ቱቦውን ክፍት መተው ግን መፍትሔ አይደለም፤ ትነቱ ከመኪናው ሥር እየወጣ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ይገባል፤ በቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዚን የተባለው ውሕድ (ቤንዚኑን ሳይሆን ኬሚስቶች በዚህ ስም የሚጠሩትን) ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ ከጋለ ማርሚታ አጠገብ የሚንሳፈፍ ትነትም ለእሳት ቅርብ ነው። አሮጌው ካኒስተር ከተገኘ ይመልሱት፤ ከጠፋም ከሌላ መኪና የወጣ ጤነኛ መግዛት ከአዲሱ በብዙ ይረክሳል። ሲገዙ አንሥተው ይመዝኑት፤ ሲያነሡት የሚከብድና ሲወዘውዙት ፈሳሽ የሚሰማበት ቤንዚን የጠጣ ስለሆነ ይተዉት። ሲወዘወዝ ጥቁር ዱቄት የሚያፈስም ከሰሉ ስለተፈረፈረ ዱቄቱ ቫልቮቹን ይደፍናል።

መብራቱ ለምን ተመልሶ እንደበራም ግልጽ ነው፤ ኮምፒውተሩ ካኒስተር ካላገኘ መሥመሩ ሊታሸግ አይችልም። «ለፈረንጅ አየር» የሚለውን በተመለከተ ግን በባሕር ዳርም ሰው የሚተነፍሰው አየር ነው።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ከሞላሁ በኋላ መኪናዬ ለመነሣት ያስቸግረኛል፤ ብዙ ጊዜ አዙሬ ጋዙን ስረግጥ ይነሣና ለአንድ ደቂቃ ያንቀጠቅጠዋል። ታንከሩ ሲጎድል ይህ ችግር የለም። ባትሪም ካንዴላም ቀየርኩ። የነዳጅ ማደያው ሠራተኛ ሁልጊዜ መቅጃው ካቆመ በኋላ ሂሳቡ ድፍን እንዲሆን ትንሽ ይጨምርልኛል። (ከዱባይ)

መልስ፦ ባትሪውና ካንዴላው ጥፋት አልነበራቸውም፤ ጉድለቱ ነዳጅ ሲሞላ ብቻ መምጣቱ የመሳቢያ ቫልቩን ያስጠረጥራል። ታንከሩ ሲሞላ በውስጡ የነበረው ትነት ሁሉ ወደ ካኒስተሩ ይገፋል። ቫልቩ እንደሚገባው ተዘግቶ ካልቆመ፣ ሞተሩ ሲዞር ይህን የታጨቀ ትነት ከሚረጨው ነዳጅ ጋር አብሮ ይውጠዋል፤ በነዳጅ የታነቀ ሞተር ደግሞ ለመነሣት ያስቸግራል። ጋዙን ሲረግጡ የሚነሣው ብዙ አየር ስለሚገባለት ነው። ፒ 0496 ወይም ፒ 0441 የሚል ኮድ ቢገኝ ጥርጣሬያችንን ያጠናክራል።

ያን «ትንሽ» መጨመር ያስቁሙት። መቅጃው በራሱ የሚያቆመው ለትነቱ የሚሆን ቦታ ታንከሩ ውስጥ እንዲቀር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ቤንዚን በፈሳሽነቱ ወደ ካኒስተሩ ሊሻገር ይችላል፤ ለትነት የተዘጋጀ ከሰል በፈሳሽ ቤንዚን ከራሰ ተመልሶ ደህና አይሆንም፤ የተፈረፈረው ከሰልም ቫልቩ አፍ ላይ ተቀርቅሮ እንዳይዘጋ ያደርገዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቫልቩን (አብዛኛውን ጊዜ ከላይ፣ ከሞተሩ አየር ማስገቢያ አጠገብ ነው) ከቱቦዎቹ ነቅለው በንጹሕ አጭር ቱቦ ይንፉበት። ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ምንም አየር ማሳለፍ የለበትም። ካሳለፈ ይቀየር፤ በብዙ መኪናዎች ከሁለት ብሎን በላይ የማይፈታ ሥራ ነው። አሮጌው ሲወጣ መዳፍዎ ላይ ቀስ አድርገው ያንኳኩት፤ ጥቁር ዱቄት ከወረደ ካኒስተሩም ተበላሽቷልና አዲሱን ቫልቭ ከመግጠምዎ በፊት በመካከላቸው ያለው ቱቦ ይጠረግ።